«ሠራ» እና «ጠገነ»፤ ስለ ቤት ሠራሽ የግድግዳ ሰዓት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን አጥንቶ ስያሜ የሚሰጥ ባለሙያ ሥራውን የሚፈትንባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቃሉ ከሥሩ ጋር መስማማቱን፣ በሰዋስው ሕግ መርባቱን፣ ከሌላ ቃል ጋር አለመጋጨቱን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መመርመር ነው። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን። ሁለተኛው ቃሉን ይዞ ወደ ሥራው ቦታ መውረድና በቃሉ እየተመሩ ዕቃውን ለመሥራት መሞከር ነው። ይህን ግን እምብዛም አናደርገውም። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሂስ በሁለተኛው መንገድ የተደረገ የአንድ ሙከራ ውጤት ነው።

በቅርቡ ለአስተያየት ከደረሱን የቃላት ዝርዝሮች አንዱ፣ ከዕለት ተዕለት የቤት ዕቃ የግድግዳ ሰዓት መሥራትንና መጠገንን ለሚያስተምር አጭር መምሪያ አባሪ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። መምሪያው ተማሪው ሰፌድ፣ የቆርቆሮ ሰሃን ወይም አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ወስዶ መሐሉን እንዲበሳ፣ ከገበያ የሚገዛ አነስተኛ የሰዓት ማሽን ከበስተጀርባው እንዲያስር፣ ቁጥሮቹን እንዲጽፍና በግድግዳ ላይ እንዲሰቅል ያስተምራል። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ወጪው አነስተኛ፣ ዕቃው ከቤት የሚገኝ፣ ውጤቱም በየዕለቱ የሚታይ ነው። ሂሳችን በሥራው እንጂ በሰዎቹ ላይ ባለመሆኑ የአዘጋጆቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም። እንዲያውም ወደ ኋላ እንደምናሳየው፣ ከምንነቅፋቸው ስሕተቶች አንዱን እኛው ራሳችን ቀድመን ሠርተነዋል።

መምሪያውን ካነበብን በኋላ አንድ ሰፌድ ገዝተን፣ ዝርዝሩን አጠገባችን አስቀምጠን፣ ቃል በቃል እየተከተልን ሰዓት ለመሥራት ተነሣን። ሦስት ጊዜ ተሰናከልን። እጃችን ሥራውን አለመልመዱን አንክድም፤ ሦስቱንም ጊዜ ያሰናከለን ግን ቃሉ ነበር።

1. «ዘንግ»

የመጀመሪያው መሰናክል «ዘንግ» የሚለው ስያሜ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ዕቃውን እናስረዳ። የዛሬው የግድግዳ ሰዓት ማሽን ከመዳፍ የማይበልጥ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ፊት፣ በውጭ በኩል እንደ ቡሎን ጥርስ የወጣለት አጭር ቱቦ ብቅ ይላል። ይህ ቱቦ በሰፌዱ ቀዳዳ አልፎ ከፊት ለፊት በዳዶ ይታሰራል። በቱቦው ውስጥ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰኩ ቀጫጭን ዘንጎች ያልፋሉ፤ የውጭኛው የሰዓት ቆጣሪውን፣ ቀጣዩ የደቂቃ ቆጣሪውን፣ የመጨረሻው የሰከንድ ቆጣሪውን ይሸከማል።

ዝርዝሩ ቱቦውንም፣ በውስጡ የሚያልፉትንም፣ በገጹ ላይ የሚዞሩትንም ሁሉ በአንድነት «ዘንግ» ይላቸዋል። መምሪያውም ማሽን በሚገዛበት ጊዜ የዘንጉ ርዝመት ከዕቃው ውፍረት የበለጠ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዛል። እኛ የለካነው በገጹ ላይ የሚዞረውን ነበር። እርሱ አሥር ሳንቲሜትር ያህል፣ ሰፌዱ ደግሞ ከአንድ ሳንቲሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስለ ነበረ ምንም ችግር አልታየንም። ቤት ገብተን ስንሞክረው ግን የቱቦው ጫፍ ከሰፌዱ አልፎ አልወጣም፤ ዳዶውም የሚይዘው ጥርስ አጣ። መመሪያው ትክክል ነበረ፤ ስያሜው ግን ወደ ሌላ ዕቃ መራን።

በገጹ ላይ ለሚዞሩት ሕዝቡ «ቆጣሪ» የሚል ስም አለው፤ ሰዓት ቆጣሪ፣ ደቂቃ ቆጣሪ፣ ሰከንድ ቆጣሪ ይላል። አዘጋጆቹ ይህን ስም የተዉበት ምክንያት በማስታወሻቸው ተገልጿል። አንደኛ፣ ዕቃው ይጠቁማል እንጂ አይቆጥርም። ሁለተኛ፣ ቃሉ ለመብራትና ለውሃ ቆጣሪም ስለሚያገለግል ያደናግራል። ሁለቱም ምክንያቶች ሚዛን አይደፉም። የሚቆጥረው ማሽኑ ቢሆንም ቁጥሩ የሚታየው በዚያ ስለሆነ ስሙ ከሥራው ወደ ምልክቱ ቢሸጋገር በቋንቋ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። መደናገሩንም በተመለከተ፣ ሰዓት ይዞ «ደቂቃ ቆጣሪው ወለቀ» የሚል ሰው የውሃ ቆጣሪ አስቦ አያውቅም። አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ቢኖረው ዐውዱ ይለየዋል፤ ዐውዱ የማይለየው ግን በአንድ ሥራ ውስጥ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ፣ ሦስት ዕቃ በአንድ ስም ሲጠራ ነው። የ«ዘንግ» ጥፋት ይህ ነው።

በበኩላችን «ቆጣሪ» በነበረበት እንዲቆይ፣ «ዘንግ» በውስጥ ለሚያልፉት ብቻ እንዲወሰን፣ ቱቦው ደግሞ «አንገት» እንዲባል አሳብ እናቀርባለን። አማርኛ የእንስራ አንገት፣ የጠርሙስ አንገት ማለትን ያውቃል። አንገት ከትከሻ በላይ ብቅ ማለት ያለበት አካል ስለሆነ፣ «የማሽኑ አንገት ከሰፌዱ ማለፍ አለበት» የተባለ ተማሪ ምን መለካት እንዳለበት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳል።

2. «እንስት ጠምዛዛ»

ሁለተኛው መሰናክል ያገኘን ከመደብር ነው። ማሽኑን አንገቱ ረዘም ባለ ለመለወጥ በሄድንበት ዕለት ትርፍ ዳዶና ሮንዴላም መግዛት ነበረብን። ዝርዝሩ ቡሎንን «ተባዕት ጠምዛዛ»፣ ዳዶን «እንስት ጠምዛዛ»፣ ሮንዴላን «ክብ ደልዳይ» ብሎ ሰይሟል። ሙከራው በታማኝነት እንዲካሄድ ስለ ፈለግን፣ መርካቶ ከአንድ የብረታ ብረት መደብር ገብተን በእነዚሁ ቃላት ጠየቅን። ባለመደብሩ በትሕትና አዳመጠን፤ ቀጥሎም የምንፈልገውን ነገር በእጃችን ቅርጹን እንድናሳየው ለመነን። «ዳዶ» ባልን ጊዜ ግን ገና ቃሉን ሳንጨርስ መሳቢያውን ስቦ ነበር።

ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት መሆናቸው የታወቀ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የወረራ ዘመን የሚያስታውሱት ሰው እነዚህን ቃላት በበጎ ዐይን ባያይ አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ ቃላቱ ከዚያ ወዲህ በአገር ልጅ እጅ ሲሠራባቸው ኖረዋል። «ዳዶዎቹን አጥብቃቸው» ስንል ብዙ ቁጥሩም፣ መስተአምሩም፣ ግሡም የአማርኛ ነው። በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በሕያው ቋንቋ ውስጥ ያለውን መፈለግ፣ ከታጣ ወደ ግዕዝና ወደ ሌሎች የአገር ቋንቋዎች መመልከት፣ ከዚያም ታጥቶ እንደ ሆነ መዋስ ነው። ዝርዝሩ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘልሎ ከሁለተኛው ጀመረ። ተውሶ የኖረና ቤተኛ የሆነ ቃል ያለው ሕያው በሆነው ክፍል ውስጥ መሆኑን ዘነጋ።

«ሞላ» ለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆነናል። በጥንቱ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ተጠቅልሎ ኃይል የሚያጠራቅመው የብረት ጥቅልል በባለሙያዎች ዘንድ «ሞላ» ይባላል፤ ምንጩ ጣሊያንኛ ነው። «ሰዓቱን ሞላ» የሚለው ግሥ ግን በግዕዝ «መልአ» ከሚለው የወረደ የራሳችን ቃል ነው። ሁለቱም «ላ»ን አጥብቀው ስለሚነበቡ በጆሮ አይለዩም። ስለዚህ «ሞላውን ሞላው» ሲባል የሰማ ተናጋሪ፣ ዕቃው ስሙን ያገኘው ስለሚሞላ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሥርወ ቃሉ ሐሰት ነው፤ አገልግሎቱ ግን እውነት ነው። ባዕዱ ስም ከአገሬው ግሥ ጋር ተጣብቆ በቀላሉ እንዲታወስ ሆኗል። ዝርዝሩ በ«ሞላ» ፋንታ «ጥምዝ ኃይል» የሚል ስያሜ ሲያቀርብ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚገባው ግን ሁለቱን «ሞላ»ዎች ለየብቻ መዝግቦ የየራሳቸውን ምንጭ ማሳየት ነው።

3. «ስድስትን ከላይ»

ሦስተኛውና ዋናው መሰናክል ገጹን የሚመለከት ነው። ክቡን ለ12 እኩል ለመክፈል መምሪያው የሰጠው ዘዴ ሊመሰገን ይገባዋል። ከመሐል እስከ ጠርዝ የተለካ ክር በጠርዙ ላይ ነጥብ ለነጥብ በቀጥታ ቢወጠር ልክ 6 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ሲገመስ 12 ይሆናል። ዘዴው ማስመሪያም መለኪያም አይፈልግም። ለገጹ የቀረበው «ገጸ ሰዓት» የሚለው ስያሜም አጭርና የማያሻማ በመሆኑ እንቀበለዋለን።

ከዚህ ቀጥሎ ግን መምሪያው፣ ሰዓቱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንዲከተል «ስድስት ሰዓትን ከላይ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓትን ከታች አድርግ» ሲል ያዛል። አሳቡ የተነሣበትን ምክንያት እንረዳለን። በአገራችን አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ከንጋት ነው። አገራችን ከምድር ወገብ እምብዛም ስላልራቀች የቀንና የሌሊት ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ ከንጋት መቁጠሩም ያለ ችግር ይሠራል። ቤተ ክርስቲያንም ሠለስቱን፣ ስድስቱን፣ ተሰዓቱን ሰዓት ስትጸልይ የምትቆጥረው ከንጋት ጀምራ ነው። በሌላው ዓለም አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ቀትር ላይ 12ን ሲያሳይ እኛ «ስድስት ሰዓት» የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲያው ቁጥሩን ብናዞር ንባቡ ይቃናል የሚል ግምት ያድራል።

እንደ ታዘዝነው ቁጥሮቹን አዙረን ጻፍን። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ በሆነ ጊዜ ግን ደቂቃ ቆጣሪው ያረፈው 9 ላይ ነበር። ከሩብ ነው ወይስ ለሩብ ጉዳይ? ሞልቶ ሦስት ሰዓት ሲሆንም ደቂቃ ቆጣሪው ከላይ በሰፈረው 6 ላይ ይቆማል፤ ስድስትን በአምስት አባዝቶ ደቂቃ ማንበብ የለመደ ሰው «ሦስት ተኩል» ብሎ ያነባል። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው፤ ገጹ የሰዓት ቆጣሪው ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ይጋሩታል። ቁጥሩ ሲዞር ሰዓቱ ይቃናል፤ ደቂቃው ይፈርሳል።

መፍትሔው ከመምሪያው ይልቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም ያለ መምሪያ ሲያደርገው ኖሯል። ቁጥሮቹን በነበሩበት፣ 12ን ከላይ፣ 6ን ከታች፣ ትቶ ከማሽኑ ጀርባ ያለችውን ማዞሪያ በማዞር ሰዓት ቆጣሪውን በአገራችን አቆጣጠር ላይ ማኖር ነው። ቀትር ላይ አጭሩ ቆጣሪ ወደ ታች 6ን፣ ረጅሙ ወደ ላይ 12ን ያመለክታሉ፤ «ስድስት ሰዓት» ይነበባል፤ ደቂቃውም አይናጋም። ማሽኑ ከንጋት ይቈጠር ወይስ ከእኩለ ሌሊት አያውቅም፤ ባኖሩት ቦታ ላይ ይሄዳል።

ይህ የዕደ ጥበብ ስሕተት ነው እንጂ የቋንቋ ስሕተት አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን መነሻው ቃሉ ነው እንላለን። አማርኛ ዕቃውንም፣ የጊዜውን መጠንም፣ የጊዜውን ስምም «ሰዓት» ይላል፤ ዐረብኛም እንዲሁ በአንድ ቃል ይጠቀማል። ይህ በራሱ ችግር አይደለም። ዝርዝሩ ግን በእነዚህ ላይ አራተኛ ትርጉም ጨምሮ በገጹ ላይ የሚጻፈውን ምልክትም «ሰዓት» አለው። «ስድስት ሰዓትን ከላይ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ሊጻፍ የቻለው፣ ቁጥሩና ጊዜው አንድ ነገር መስለው ስለ ታዩ ነው። «ስድስት ቁጥርን ከላይ አድርግ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ያ ቁጥር ለደቂቃውም እንደሚያገለግል አዘጋጁ ራሱ ገና ሲጽፍ ይታየው ነበር። ስለዚህ ምልክቱ «የገጽ ቁጥር» ተብሎ እንዲለይ እናሳስባለን። በነገራችን ላይ፣ የግዕዝ ቁጥሮችን መጻፍ የሚፈልግ ሰው ፮ እና ፯ ከሩቅ እንዳይመሳሰሉ በጥንቃቄ ሊጽፋቸው ይገባል።

4. ሸክላና ድንጋይ

ከሦስቱ መሰናክሎች ሌላ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ትርጓሜያቸው ያልጠራ ሁለት ቃላት አግኝተናል። የመጀመሪያው «ሸክላ» ነው። አማርኛ ከጭቃ ተሠርቶ የተተኰሰውንም፣ ዘፈን የተቀረጸበትንም ክብ «ሸክላ» ይላል። መምሪያው በአንድ ገጽ ላይ «ሸክላውን በትራፓኖ ብሳው» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ አይገልጽም። ልዩነቱ ከባድ ነው። የጭቃው ሸክላ በቀስታና በውሃ እየራሰ ካልተበሳ ይሰነጠቃል። የሙዚቃው ሸክላ ግን ከመሐሉ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ አስቀድሞ አለው፤ የብዙዎቹ ማሽኖች አንገት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ጥቂት በሞረድ ማስፋት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ «የጭቃ ሸክላ» እና «የሙዚቃ ሸክላ» ተብሎ በቅጽል ሊለይ ይገባል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በ1960ዎቹ ዓመታት በአገራችን የታተሙ የሙዚቃ ሸክላዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው የአምሃ እሸቴ አሳታሚ ያወጣቸው ጭምር፣ ዛሬ የታሪክ ሰነድ ሆነዋል። ሰዓት ለመሥራት ተብሎ ሙጫ የሚቀባው ሸክላ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ስሙን ማንበብ ያስፈልጋል። የተቧጨረና የማይሰማ ሸክላ ሞልቷል።

ሁለተኛው ቃል «ድንጋይ» ነው። እዚህ ላይ ሂሳችን ግለ ሂስ ይሆናል። ከዓመታት በፊት አባል በነበርንበት አንድ የስያሜ ኮሚቴ ውስጥ፣ ሕዝቡ «የሬዲዮ ድንጋይ»፣ «የሰዓት ድንጋይ» የሚለውን ስያሜ ለሳይንስ የማይመጥን ተራ ቃል ነው ብለን እንዲሠረዝ ከተከራከሩት አንዱ እኛ ነበርን። በምትኩ ከግዕዝ ያበጀነውን ረጅም ስያሜ ዛሬ እኛም በትክክል አናስታውሰውም። በዚያው ሰሞን እናታችን የቆመውን ሰዓት እያሳዩ ድንጋይ ገዝተን እንድንመጣ ሲልኩን፣ ሄደን የገዛነው «ድንጋይ» ብለን ነው። በጉባኤ የሠረዝነውን ቃል በሱቅ ስንጠቀምበት ምንም አልተሰማንም ነበር። ዛሬ የቀረበልን ዝርዝርም ያንኑ ስሕተት ደግሞ «ድንጋይ»ን ትቶታል።

«ድንጋይ» ለ1.5 ቮልቱ የኃይል ምንጭ ሕያው ስም ነው። «ድንጋዩ አልቋል»፣ «አዲስ ድንጋይ አግባለት» ይባላል። መዝገበ ቃላቱ ማድረግ ያለበት ቃሉን ማባረር ሳይሆን ወሰኑን ማስመር ነው፤ በሰዓቱ ውስጥ ሌላ እውነተኛ ድንጋይ አለና። የዛሬው ማሽን ጊዜን የሚመጥነው ኳርትዝ በሚባል ማዕድን ነው። ኳርትዙ በኤሌክትሪክ ሲነካ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ሲከፈል በሰከንድ 1 ይሆናል፤ በዚያች አንድ ምት የመዳብ ሽቦ ጥቅልሉ አንዲት ትንሽ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቷም ጥርሶቹን ትገፋለች። በዚህ ዘዴ የሚሠራ የመጀመሪያው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ተሠራ፤ የእጅ ሰዓት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ ቀረበ። እንግዲህ «ድንጋይ» የሚሰጠው ኃይልን ነው፤ «ኳርትዝ» የሚሰጠው ልክን ነው። ሁለቱ በየስማቸው ቢቀመጡ ተማሪው አይሳሳትም።

በዚሁ ምክንያት ዝርዝሩ «ተወዛዋዥ»ን «የሰዓትን አካሄድ የሚመጥን» ብሎ መተርጐሙ ሊታረም ይገባል። ትርጓሜው ለጥንቱ ሰዓት እውነት ነው፤ በዚያ ርዝመቱ ሲጨምር ሰዓቱ ይዘገያል፣ ሲያጥር ይቀድማል። በቤት ሠራሽ የኳርትዝ ሰዓት ላይ የሚንጠለጠለው ተወዛዋዥ ግን ለጌጥ ነው፤ ቢወልቅም ሰዓቱ አይናጋም። የመምሪያውን ትርጓሜ አምኖ የሚዘገይን ሰዓት ለማረም ተወዛዋዡን የሚያሳጥር ተማሪ በከንቱ ይደክማል።

5. «ሠራ» እና «ጠገነ»

ወደ ርእሳችን እንመለስ። ዝርዝሩ «ሠራ»ን አዲስ ለማበጀት፣ «ጠገነ»ን የተበላሸውን ለማደስ ወስኖ፣ «ሰዓት ሠሪ» የሚለውን የሙያ ስም «ሰዓት ጠጋኝ» በሚል ለውጦታል። «ጠገነ» የተሰበረ አጥንት ማሰርን የሚያመለክት የወጌሻ ቃል ነው፤ ወደ መኪናና ወደ ቤት የተሻገረውም በመልካም ዘይቤ ነው። በዚህ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን አማርኛ በ«ሠራ» ውስጥ ሦስት ነገር አስማምቶ ይዟል። «ሰዓት ሠራ» ሲል አዲስ አበጀ ወይም የቆመውን አስነሣ ማለት ነው፤ «ሰዓቱን አሠራሁት» ሲል አሳደስሁት ማለት ነው፤ «ሰዓቱ ይሠራል» ሲል ደግሞ ሥራው የሰዓቱ የራሱ ይሆናል። ሰዓት ሠሪ ማለት ሰዓት የሚሠራ እንዲሆን የሚያደርግ ሰው ነው። ስሙን የሰጠው ሕዝብ ዕቃው ከፋብሪካ መምጣቱን አጥቶት አይደለም።

ይህ መጣመር ድንገተኛ አለመሆኑን ያወቅነው ሰፌዳችን ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ሰዓቱ በመጀመሪያው ሌሊት ቆመ። ድንጋዩ አዲስ ነበር። ስናወርደው ሰዓት ቆጣሪውና ደቂቃ ቆጣሪው እየተነካኩ እንደ ነበር አየን፤ በጣት ጥቂት አራርቀን መለስነው። በማግሥቱ እንደ ገና ቆመ፤ ዳዶው ከመጠን በላይ ጠብቆ ሰፌዱን አጉብጦት ኖሯል። አላላነው፤ ሄደ። እንግዲህ ሰዓቱን የሠራነው መቼ ነው? መሥራት የት አብቅቶ መጠገን የት ጀመረ? እያበጀን ስንጠግን፣ እየጠገንን ስናበጅ ነበር። በእጅ ለሚሠራ ዕቃ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው፤ አማርኛም በአንድ ግሥ ይጠራቸዋል።

ዝርዝሩ በዚህ ረገድ የሚጐድለው ሌላም አለ። ማናቸውንም እንከን «ብልሽት» ብሎ ያልፋል። ተናጋሪው ግን ይለያል፤ ሰዓት ይቆማል፣ ይቀድማል፣ ወደ ኋላ ይቀራል። እያንዳንዱ ግሥ ወደ የራሱ ምክንያት ይመራል። ሰከንድ ቆጣሪው 9 ቁጥር አጠገብ ሲደርስ ሳያልፍ በቦታው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ክንዱን ወደ ላይ ለማንሣት ኃይል አንሶታልና ድንጋዩ እያለቀ ነው። ድንጋዩ ተለውጦም ካልሄደ፣ ማቀፊያው ውስጥ ያለው ብረት ከድንጋዩ ከፈሰሰው ነገር ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይዞ እንደ ሆነ መመልከት ነው፤ በሎሚ ጭማቂ በረጠበ ጥጥ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ያስነሣዋል። እነዚህ ግሦች በቃላት ዝርዝር ውስጥ ስሞችን ያህል ቦታ ይገባቸዋል። የሙያ ቋንቋ በስም ብቻ አይቆምም።

ለዚህ ጉዳይ ክብደት የምንሰጠው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት፣ ከአባታችን የወረስነው የሚሞላ የግድግዳ ሰዓት ቆሞብን፣ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ተቀምጠው ሰዓት ለሚሠሩ አዛውንት ወሰድንላቸው። አዛውንቱ ማሽኑን እየፈቱ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ እየጠሩ በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሩት። ቃላቱ ከሃያ አያንሱም ነበር፤ አንዱ ከአንዱ የሚለይበትም ግልጽ ነበር። በቋንቋ ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ ይዘን ቆመን አዳመጥን፤ አደነቅን፤ አንድም አልጻፍንም። ሌላ ጊዜ ደብተር ይዘን እንመለሳለን አልን። በተመለስን ጊዜ ከዚያ ደረጃ ሥር የስልክ ማቀፊያ ይሸጥ ነበር፤ አዛውንቱም ማረፋቸውን ነገሩን። ከዚያ ቀን ንግግር በአእምሯችን የቀረው «ሞላ» ብቻ ነው። የአባታችን ሰዓት ይሄዳል፤ የውስጡ ስሞች ግን የሉንም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ በዘረዘርነው መሠረት ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት እንዲስተካከል የምናሳስበው የሚከተለውን ነው። «ቆጣሪ»፣ «ድንጋይ»፣ «ሞላ»፣ «ዳዶ»፣ «ቡሎን» እና «ሮንዴላ» በየቦታቸው ይመለሱ። «ዘንግ» በውስጥ ለሚያልፉት ይወሰን፤ ለቱቦው «አንገት»፣ ለምልክቱ «የገጽ ቁጥር» ይጨመር። «ገጸ ሰዓት» ይጽና። ስድስትን ከላይ የሚያደርገው መመሪያ ይሠረዝ። «ሰዓት ሠሪ» በስሙ ይቆይ። እንከንን የሚገልጹት ግሦች ይመዝገቡ።

ከዚህ በላይ ግን አዘጋጆቹም ሆኑ እኛ ልናደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤተኛ ቃል በእርግጥ የሌለው ነገር ሲገጥመን እናብጅ፤ ስያሜ ማበጀት የአካዳሚ ሥራ ነው። ከማበጀታችን በፊት ግን ሠሪውን እንጠይቅ፤ ካበጀንም በኋላ ቃሉን ለሠሪው ሰጥተን ዕቃው እንዲወጣለት እንይ። ይህን ፈተና ያላለፈ ስያሜ በጽሑፍ ያማረ ቢሆን እንኳ አልተሠራም።

አንባቢዎቻችን በየአካባቢያቸው ካሉ ሰዓት ሠሪዎች፣ በተለይም የሚሞላውን ሰዓት መፍታት ከሚያውቁት ዘንድ የሚሰሙትን ስም ከነትርጓሜው ጽፈው ቢልኩልን በዚህ መጽሔት እናወጣዋለን። የተናገሩበት አገርና የዕቃው ሥዕል ቢታከልበት ይበልጥ ይረዳል። እባካችሁ ደብተሩን በመጀመሪያው ቀን ይዛችሁ ሂዱ።